ፓስወርዱን አስረክቡን!

«ሲስተም የለም» የሚለው ቃል ከቢሮ መስኮት በወጣ ቁጥር ደሜ ይፈላል። የት ሄደ? ማን ወሰደው? መቼስ ይመለሳል? ጎህ ሳይቀድ ከገጠር ቀበሌ ተነሥቶ፣ ለአይሱዙና ለባጃጅ ከፍሎ፣ አቧራ ጠጥቶ ከተማችን ወለንጪቲ የደረሰ ገበሬ ይህን አይጠይቅም። ሰነዱን ወደ ፌስታሉ መልሶ በመጣበት መንገድ ይመለሳል። እኔ ግን ሰርቨር መጫን እንጀራዬ ነውና እጠይቃለሁ። ስጠይቅም ደጋግሜ የማገኘው መልስ ያው ነው። ሲስተሙ አለ። ማሽኑ ከመዝገብ ቤቱ ጥግ ተቀምጧል፤ መብራቱም ይበራል። የሌለው ፓስወርዱ ነው። ፓስወርዱን የያዘው ደግሞ ሶፍትዌሩን ጭኖ፣ የመጨረሻ ክፍያውን ተቀብሎ፣ ከዚያ በኋላ ስልክ ማንሳት ያቆመው ድርጅት ነው።

ነገሩ አንድ ቢሮ ላይ ብቻ የደረሰ ቢሆን ብዕር አላነሣም ነበር። ከአዳማ እስከ መተሐራ ባለው መንገድ ላይ የሙያ ጓደኞቼን ባነጋገርኩ ቁጥር የምሰማው ይህንኑ ነው። ስለዚህ በግልጽ ልናገር። የወረዳን ጉዳይ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ የሚመራ ሶፍትዌር በወረዳው ግቢ፣ በሊኑክስ ሰርቨር ላይ፣ በወረዳው ባለሙያ እጅ መጫን አለበት። የሰርቨሩ የበላይ ፓስወርድ፣ ማለትም የሩት ፓስወርድ፣ ወረዳው ዘንድ መቀመጥ አለበት። ይህ ሳይሟላ የሚፈረም ርክክብ የሕዝብ ገንዘብ የሚባክንበት ወረቀት ነው።

ባለሙያዎቹ ወርክፍሎው የሚሉት ሶፍትዌር ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ2000 ዓ.ም. ግድም ቢፒአር የተባለው መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ በየመሥሪያ ቤቱ ሲገባ ሠራተኛው ለወራት ተሰብስቦ አንድ ጉዳይ ከየት ተነሥቶ በማን በኩል የት እንደሚደርስ በሳጥንና በቀስት ሣለ። ሥዕሉ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ቀጥሎ የዜጎች ቻርተር መጣ። የአገልግሎቱ ስም፣ ከባለጉዳዩ የሚጠበቀው ቅድመ ሁኔታ፣ የሚፈጀው ጊዜ፣ የሚከፈለው ገንዘብ ሁሉ ተዘርዝሮ በበሩ አጠገብ ተሰቀለ። እዚያ ቻርተር ላይ የተጻፈው ሰዓት ለባለጉዳዩ የተገባ ቃል ነው። ቃሉ መጠበቁን የሚቆጣጠር ግን አልነበረም፤ ዛሬም የለም። ወርክፍሎው የሚሠራው ይህንኑ ነው። ያን የግድግዳ ሥዕል ወስዶ ያንቀሳቅሰዋል። ማመልከቻው ቁጥር ይሰጠዋል፤ ለቡድን መሪው ይቀርባል፤ ለባለሙያ ይመራል፤ የውሳኔ ሐሳብ ይጻፍበታል፤ ኃላፊው ያጸድቀዋል። በየደረጃው ማን እንደያዘው፣ በስንት ሰዓት እንደተቀበለና በስንት ሰዓት እንዳሳለፈው ይመዘገባል። ሠራተኛው ሳጥኑንና ቀስቱን ከሣለው ዓመታት አልፈዋል። የሚያንቀሳቅሰው ማሽን ሲመጣ ቁልፉ ከእጁ ተነጠቀ፤ የሚያናድደኝ ይህ ነው።

ሥራው ከሩቅ ሲታይ ያስፈራ ይሆናል፤ እውነቱን ልንገራችሁ። ለአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት የደብዳቤና የጉዳይ ምልልስ ደህና ራም ያለውና ሁለት ዲስክ የሚይዝ ዴስክቶፕ ይበቃል። ኡቡንቱ ሰርቨር ወይም ዴቢያን በፍላሽ ይጫንበታል፤ ሁለቱም ያለ ክፍያ የሚገኙ ናቸው። ኡቡንቱ በየ2 ዓመቱ የሚያወጣው የረጅም ጊዜ ዕትም ለ5 ዓመት የደኅንነት ማሻሻያ ያገኛል። ቀጥሎ ጃቫና ቶምካት፣ ከዚያ የመረጃ ቋቱ ፖስትግሬስ፣ ከዚያ ሶፍትዌሩ ራሱ ይገባል። ቦኒታንና ጆጌትን የመሳሰሉ የወርክፍሎው ሶፍትዌሮች ማንም በነጻ አውርዶ የሚጭነው የማኅበረሰብ ዕትም አላቸው። ፊት ለፊት ኢንጂንክስ ይቆምና ከየቢሮው የሚመጣውን ጥያቄ ይቀበላል። ሙያውን የያዘ ሰው ይህን በአንድ ቀን ይጨርሰዋል።

ለውጥ የሚያመጣው ከዚያ በኋላ ያለው ጥቃቅን ሥራ ነው። በችኮላ የጫነ ሰው የሚዘለውም እሱን ነው። ሶፍትዌሩ ማሽኑ በተነሣ ቁጥር አብሮ እንዲነሣ የምታዘው በአንዲት መስመር ትዕዛዝ ነው። ያቺ መስመር ካልተጻፈች መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰርቨሩ ይነሣል፤ ሶፍትዌሩ ግን እንደሞተ ይቀራል። እኛ ከተማ መብራት እንደሚሄድና እንደሚመጣ የማያውቅ የለም። መስኮቱ ላይ «ሲስተም የለም» የሚባለው አንዳንዴ በዚች መስመር ምክንያት ብቻ ነው። የሰርቨሩ አድራሻ ቋሚ ካልተደረገ ራውተሩ ጠፍቶ ሲነሣ ሌላ አድራሻ ይሰጠዋል፤ የየቢሮው ኮምፒዩተርም አሮጌውን አድራሻ ይዞ ባዶ ገጽ ያሳያል። የሰርቨሩን ሥራ የሚመዘግቡት የሎግ ፋይሎች በየጊዜው እንዲቆረጡ ካልታዘዘ ቀስ በቀስ ዲስኩን ይሞሉታል፤ አንድ ቀን የመረጃ ቋቱ የሚጽፍበት ቦታ አጥቶ ይቆማል። ባክአፑ የሚቀመጠው እዚያው ዲስክ ላይ ከሆነ ዲስኩ ሲቃጠል መረጃውም ባክአፑም አብረው ይሄዳሉ። እነዚህን ሁሉ በርካሽ ማስተካከል ይቻላል። አንዱንም ግን ያለ ፓስወርድ በወጉ መንካት አይቻልም።

በአንድ ጽሕፈት ቤት ያየሁት ከአእምሮዬ አይወጣም። ቢሮውን አልጠራም። የአይሲቲ ባለሙያዋ ወጣት ናት። ሰርቨሩ ከቆመ ሰንብቷል። ምን ሞከርሽ ብዬ ስጠይቃት «ጋሼ፣ ውስጡን እንዳልነካ በደብዳቤ ተነግሮኛል። ዋስትናው ይጠፋል ተብሏል» አለችኝ። ቤቷ ባለው አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ያንኑ ሊኑክስ፣ ያንኑ ፖስትግሬስ ራሷ ጭናለች፤ የማውቀውን ያህል ታውቃለች። ከመስኮቱ ማዶ ባለጉዳዮች ተሰልፈዋል። እሷም ልታድነው የምትችለው ማሽን አጠገብ እጇን አጣጥፋ እንድትቀመጥ በማኅተም ታዛለች። ደብዳቤውን የጻፉት የዋስትናው ዘመን ካለፈ መቆየቱን እንኳ አላጣሩም ነበር።

እናንተ የጨረታ ሰነድ የምታዘጋጁ፣ እናንተ ርክክብ የምትፈርሙ፣ ይህን ወንጀል ብላችሁ ልትጠሩት ይገባል! አንዲት ወጣት ባለሙያ የተማረችውን እንዳትሠራ ማገድ፣ አንድን ወረዳ የገዛ ንብረቱን እንዳይከፍት ማድረግ፣ ይህ ከዝርፊያ በምን ይለያል?

ሰርቨሩ በወረዳው ግቢ ይሁን ያልኩትም ያለ ምክንያት አይደለም። ዌብ ላይ የሚሠራ ሶፍትዌር ኢንተርኔት የግድ አይፈልግም። ብዙ ኃላፊ ይህን አያውቅም፤ ባለማወቁም የሚከፍለው ሕዝቡ ነው። ብሮውዘር፣ የኔትወርክ ገመድና አንድ ስዊች ካሉ በቂ ነው። የመዝገብ ቤቱ ኮምፒዩተር ሰርቨሩን በግቢው ገመድ ያገኘዋል፤ ውጭ ያለው መስመር ቢበጠስ ጉዳዩ ከክፍል ክፍል መሄዱን አያቆምም። ዛሬ ግን በአንዳንድ ቦታ ከመዝገብ ቤቱ እስከ ኃላፊው ክፍል የሚደረገው የጥቂት እርምጃ መንገድ በአዲስ አበባ ወይም በባሕር ማዶ በኩል እንዲዞር ተደርጓል። ደብዳቤው ከአንዱ በር ወጥቶ ቀጥሎ ያለውን በር ለመግባት አገር አቋርጦ ይመለሳል። ኔትወርኩ የተቋረጠ ዕለት ሁለቱ በሮች ተፋጥጠው ይውላሉ።

የሚኒስትሮች ምክር ቤት የዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 ስትራቴጂን ያጸደቀው በሰኔ 2012 ዓ.ም. ነው። በዚያው ሰኔ፣ በ22ኛው ቀን ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ። በማግሥቱ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ሦስት ሳምንት ገደማም ጠፍቶ ቆየ። ከዚያ በፊት በሰኔ 2011 ተቋርጦ ነበር። ዲጂታል እንሆናለን ብሎ በወሰነ ወር ውስጥ መስመሩን የሚዘጋ አገር ላይ የምንኖር ከሆነ፣ የወረዳን የዕለት ተዕለት ሥራ በዚያ መስመር ላይ ማንጠልጠል ምን ዓይነት ጭካኔ ነው? ሰርቨሩን በሩቅ አስቀምጡ ብለው ክላውድ ክላውድ ለሚሉን ሻጮች አባቶቻችን መልሱን አስቀድመው ሰጥተዋል፤ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ።

ታሪኩ የምናውቀው ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ወረዳኔት ሲዘረጋ ወረዳዎችን ከክልልና ከፌዴራል ጋር በሳተላይትና በገመድ አገናኛለሁ ብሎ ነበር። ለዚያ ዘመን ትልቅ ሥራ ነበር፤ የደከሙበትን አከብራለሁ። በብዙ ቦታ ሕዝቡ የሚያስታውሰው ግን የቪዲዮ ስብሰባውን ነው። ከላይ ያለው ለመናገር፣ ከታች ያለው ለመስማት ተጠቀመበት። ባለጉዳዩ ደብዳቤውን በእጁ ይዞ መዞሩን አልተወም። በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ለቴሌቪዥን ትምህርት የተተከለው ፕላዝማም እንዲሁ ነው። ሲበላሽ የሚጠግነው ሰው በብዙ ትምህርት ቤት አልተዘጋጀለትም፤ በዚያው ጠቁሮ ቀረ። ሁለቱም ጊዜ ዕቃው ወደ ታች ወረደ፤ ዕውቀቱና ሥልጣኑ ላይ ቀረ። ሦስተኛው ዙር በሰርቨር እየተደገመ ነው፤ እኔም ዝም አልልም።

ሲያስፈልግ ግን ርክክብን እንዴት እንደሚያደርጉት ያውቁበታል። አዲሱ የኢትዮ ጅቡቲ ባቡር በ2010 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የቻይና ኩባንያዎች ለ6 ዓመት እንዲያስተዳድሩት፣ በዚያም ጊዜ ውስጥ የአገሩን ሰው እንዲያሠለጥኑ ውል ነበረው። በ2016 ዓ.ም. አስተዳደሩ ለኢትዮጵያውያንና ለጅቡቲያውያን ተላለፈ። ከዚያም በፊት በወለንጪቲ ጣቢያ ይቆም የነበረው የድሮው ባቡር ነበር። ፈረንሳዮች የዘረጉት ባቡር ነበር፤ መለዋወጫው ሲጠፋ የድሬዳዋ ወርክሾፕ ባለሙያዎች ብረቱን ራሳቸው እየቀረጹ ለአሥርት ዓመታት አንቀሳቀሱት። ማሽኑን እንዳትነኩ ተብለው ቢሆን ኖሮ አባቶቻችን ጣቢያው ላይ የሚጠብቁት ባቡር ባልነበራቸው። የባቡርን መሪ ለአገሩ ልጅ ያስረከበ መንግሥት የአንድ ዴስክቶፕ ፓስወርድ ለወረዳ ማስረከብ አቃተኝ ማለት አይችልም።

ከሩቅ ሆኖ የሚጭን ሰው የማያያቸው፣ እዚህ ያለ ሰው ግን በመጀመሪያው ቀን የሚያገኛቸው ነገሮች አሉ። በእኛ በቦሰት ወረዳ የቢሮው ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ የሚጻፈው በቁቤ ነው። ከፌዴራል መሥሪያ ቤት የሚመጣው ደብዳቤ ደግሞ በአማርኛ፣ በግእዝ ፊደል ነው። ሰርቨሩ ሁለቱን መሸከም አለበት። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ነው፤ ዛሬ ይህን አላውቅም የሚል ጫኚ ሰበብ የለውም። ሆኖም የመረጃ ቋቱን ለላቲን ፊደል ብቻ አዘጋጅተው የሚሄዱ አሉ። የአመልካቹ ስም በአማርኛ ሲገባ በጥያቄ ምልክት ተሞልቶ ይወጣል። አንዱ የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይይዛል፤ የስሙን ቦታ በ20 ባይት የገደበ ሰው ከ6 ፊደል በላይ አላስገባም ማለቱ ነው። የስንቱ ሰው ስም በዚያ ይቆረጣል?

ቁቤውም የራሱ ነገር አለው። ሁዻ የሚባለው፣ በቃሉ መካከል ከላይ የሚቀመጠው ነጠላ ጭረት፣ በመረጃ ቋት ትዕዛዝ ውስጥ ጽሑፍ የሚዘጋ ምልክት ነው። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ካልተጠነቀቀ ሁዻ ያለበት ስም ሲገባ ሲስተሙ ስሕተት ብሎ ይቆማል። ጉዳቱ በዚህ ብቻ አያበቃም። ያ ስሕተት የሚታይበት ሶፍትዌር ለሰርጎ ገቦች የተከፈተ ሶፍትዌር ነው፤ መረጃ የሚሰርቁት በዚያው ቀዳዳ ገብተው ነው። ስለዚህ የኦሮሞን ስም መጻፍ የማይችል ሶፍትዌር የኦሮሞን መረጃ መጠበቅም አይችልም። ይህን ቀዳዳ በመጀመሪያው ሳምንት የምታገኘው መዝገብ ቤት የምትጽፈው ልጅ ናት። ልታገኘው ትችላለች፤ ልታስደፍነው ግን አትችልም፤ የሶፍትዌሩ ኮድ የተዘጋ፣ ፓስወርዱም የሌላ ነዋ።

ቀኑንም ተመልከቱ። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይገባል፤ ዓመታችን 13 ወር አለው፤ የሥራ ቀን የሚጀምረው በ2 ሰዓት ተኩል ነው። ቻርተሩ ላይ በ3 ቀን ያልቃል የተባለ ጉዳይ በጳጉሜ ቢገባ ሲስተሙ በትክክል ይቆጥራል? የስም ቅጹ የራስን፣ የአባትንና የአያትን ስም ትቶ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ ጸሐፊዋም በየቀኑ ትገምታለች። ነጻ ሶፍትዌር ላይ እነዚህን መቀየር ይቻላል፤ ኮዱ ክፍት ነው፤ ፈቃዱም ቀይሩት ይላል። ሊነስ ቶርቫልድስ ሊኑክስን በ1991 እ.ኤ.አ. በሄልሲንኪ ተማሪ ሳለ ለዓለም ሲለቀው በር ላይ ዘበኛ አላቆመበትም። በእኛ በር ላይ ዘበኛ ያቆምነው እኛው ነን።

ገንዘቡንም ላንሣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 1 ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ዓመት ሳይሞላ ከሁለት እጥፍ በላይ ሆነ። በየዓመቱ በዶላር የሚታደስ ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ሲስተም የገዛ መሥሪያ ቤት ያለ አንዳች ተጨማሪ አገልግሎት ወጪው በብር ከእጥፍ በላይ አደገበት። የወረዳ በጀት በዚያው ፍጥነት አላደገም። ስለዚህ ፈቃዱ አይታደስም፤ ወይም ሕገ ወጥ ቅጂ ይጫናል። ሕገ ወጥ ቅጂ በተጫነበት ማሽን ላይ ደግሞ ማሻሻያ በአግባቡ አይገባም፤ ቁልፉን ከሚሰብረው ፕሮግራም ጋር ቫይረሱ አብሮ ይመጣል። ሊኑክስ ላይ የሚከፈል ፈቃድ የለም። ያ ገንዘብ ለባለሙያዋ ደመወዝ፣ ለዩፒኤስና ለትርፍ ዲስክ ይዋል።

«ወረዳ ባለሙያ የለውም» የሚሉኝን ፊታቸው ቆሜ እቃወማለሁ። አዳማ ላይ ከናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅነት ተነሥቶ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሆነ ተቋም አለ፤ ከእኛ ከተማ በሚኒባስ የሚደረስ ነው። በየከተማው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አለ። በ2016 ዓ.ም. 5 ሚሊዮን ኮደሮችን ለማሠልጠን ዘመቻ ተጀምሯል። ወጣቱ የምስክር ወረቀቱን አትሞ ላሚኔት አድርጎ በየቢሮው ይዞራል። የሚነካው ሰርቨር ግን የለም! ሰርቨር ሳይነኩ የሰርቨር ባለሙያ የሆነ ሰው በዓለም ላይ የለም። ባለሙያ የለም እያላችሁ ማሽኑን ስትቆልፉበት ባለሙያ እንዳይኖር የምታደርጉት እናንተ ናችሁ።

ሌላው ክርክር የደኅንነት ነው። ይህኛውን በቁም ነገር እወስደዋለሁ። የመሬት ይዞታ መዝገብና የመታወቂያ መረጃ በየወረዳው ዴስክቶፕ ላይ ይበተን አላልኩም፤ የዚያ ቦታው የተጠበቀ የመረጃ ማዕከል ነው። እኔ የምለው ስለ ዕለት ተዕለቱ የጉዳይ ምልልስ ነው። ደግሞም መንግሥት ራሱ ክፍት ሶፍትዌርን አምኖበታል። የፋይዳ መታወቂያ የተገነባው በባንጋሎር በተጀመረው ሞሲፕ በተባለ ክፍት ሶፍትዌር ላይ ነው። ጤና ሚኒስቴር የጤና መረጃውን የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ክፍት ሶፍትዌር ነው፤ ጃቫውና ፖስትግሬሱ እኔ ከላይ የጠራኋቸው ናቸው። ለሚሊዮኖች መታወቂያ የታመነ ነገር ለወረዳ ደብዳቤ አይታመንም?

ስለ ደኅንነት ከተነሣ ደግሞ አሁን ፓስወርዱ የት እንዳለ ተጠያየቁ። ድርጅቱን ለቅቆ በሄደ ልጅ ስልክ ውስጥ፣ በአንድ የቴሌግራም መልእክት መካከል ሊሆን ይችላል። በብዙ ቦታ ጫኚው በየደረሰበት አንዱን ፓስወርድ ይደግመዋል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። በዚያ አዋጅ ዘመን የሕዝብ ማመልከቻ የሞላበትን ሰርቨር ማንነቱን የማታውቁት ሰው በፈለገው ሰዓት ከሩቅ ሊገባበት ይችላል፤ እናንተ ግን አትችሉም። ደኅንነት የምትሉት ይህን ነው?

ሕጉም ማምለጫ አይሆንም። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 እና የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ከወጡ ቆይተዋል። ሰነድ ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ዋጋ የለውም ማለት ቀርቷል። «ቲተርና ማኅተም ካላረፈበት» እያሉ ሶፍትዌሩን ጭነው ባለጉዳዩን በወረቀት የሚያዞሩ ኃላፊዎች የሚጠብቁት ሕግን አይደለም።

ምን እንደሚጠብቁ እናገራለሁ። ወርክፍሎው ፋይሉ የቆመበትን ጠረጴዛ ያሳያል። «ፋይሉ ጠፍቷል» ማለት አይቻልም፤ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚለውም ሲደመር ስንት ቀን እንደሆነ ማሽኑ ያወጣዋል። በር ላይ ቆሞ «እኔ አስጨርስልሃለሁ» የሚለው ደላላ የሚኖረው ፋይል የት እንዳለ ባለጉዳዩ ስለማያውቅ ነው። ባለጉዳዩ በቁጥሩ ገብቶ ቢያውቅ ደላላው ገበያ ያጣል፤ ከደላላው ጋር የሚካፈለውም እንዲሁ። ለዚህ ነው አንዳንዱ ቢሮ ሲስተሙ ሲሞት ሐዘን የማይታይበት።

እዚህ ላይ ጠንቃቃ አንባቢ ይጠይቀኛል። ፓስወርዱ ወረዳው እጅ ከገባ ያው ኃላፊ ባለሙያዋን «ያንን መዝገብ አጥፊልኝ» ቢላትስ? ልክ ነው፤ ሊላት ይችላል። ስለዚህ ፓስወርዱ በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ አይቀመጥ። ባለሙያዋ በራሷ ስም ትግባ፤ የምትፈጽመው ትዕዛዝ ሁሉ በስሟ ይመዝገብ። የሩት ፓስወርዱ በታሸገ ፖስታ፣ በሁለት ሰው ፊርማ፣ በካዝና ይቀመጥ። የሰርቨሩ ሎግ በየደቂቃው ወደ ዞን ወደሚገኝ ሌላ ማሽን ይገልበጥ። ሊኑክስ ይህን የሚሠራበት አርሲስሎግ የሚባል መሣሪያ ከብዙ ዓመት ጀምሮ አለው፤ ዋጋ አይጠየቅበትም። መስመር ሲቋረጥ እንዲያከማችና ሲመለስ እንዲልክ ተደርጎ ይስተካከላል። ያን ጊዜ ወረዳው ማሽኑን ያዛል፤ ታሪኩን ግን ብቻውን መፋቅ አይችልም። ባለሙያዋም «ዞን ይታያል፣ አልችልም» የምትልበት ጋሻ ታገኛለች።

ጥያቄዬን አሁን አቀርባለሁ። በሚቀጥለው ሐምሌ የሚወጣው የጨረታ ሰነድ ላይ እንዲጻፍ እፈልጋለሁ። ድርጅቱ ሶፍትዌሩን ጭኖ ሲጨርስ የመጨረሻው ክፍያ አይለቀቅ። የርክክቡ ዕለት የወረዳው አይሲቲ ባለሙያ በተረካቢ ኮሚቴው ፊት የሰርቨሩን ዲስክ ታውጣ፤ ባዶ ዲስክ ታስገባ። ድርጅቱ በጻፈው መመሪያ ብቻ፣ ስልክ ሳትደውል፣ ከሊኑክሱ ጀምራ እስከ ሶፍትዌሩ ትጫን፤ ከባክአፑ መረጃውን ትመልስ። ከዚያ መብራቱ ይጥፋ፤ መልሶም ይብራ፤ ሲስተሙ ማንም ሳይነካው ይነሣ። ሁዻ ያለበት ስም በቁቤ ይግባ፤ በአማርኛ የተጻፈ ደብዳቤ ይመራ፤ የውጭው የኢንተርኔት ገመድ ተነቅሎ ጉዳዩ ከመዝገብ ቤት እስከ ኃላፊው ይሂድ። በመጨረሻም የድርጅቱ ሰዎች ፓስወርድ በሙሉ በእነሱው ፊት ይቀየር። ይህ ሁሉ በተከናወነበት ቀን ቼኩ ይፈረም። አንዱ ከጎደለ አይፈረም።